ሙይራ ፑአማ ለፍላጎት መቀነስ፦ ጠርሙሱን ከመክፈቴ በፊት የምታውቁትን ንገሩኝ

የማታ ተረኛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ በስሜ ልጽፈው የምደፍረው ስላልሆነ በብዕር ስም በመቅረቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዕድሜዬ 44 ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ፤ የምኖረው በሜሪላንድ ነው። ከአንድ ዓመት ወዲህ የወሲብ ፍላጎቴ እየቀነሰ ሄዶ አሁን ወር አልፎ ወር ሲተካ ነገሩ ትዝ እንኳ የማይለኝ ሆኛለሁ። ለባለቤቴ ያለኝ ፍቅር አልቀነሰም፤ አካሌም ፈጽሞ እምቢ አላለኝም፤ የጠፋው መፈለጉ ራሱ ነው። ባለቤቴ ብዙ ጊዜ ታግሣኛለች፤ ባለፈው ወር ግን «ሌላ ሰው አለህ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥያቄዋ ከጆሮዬ አልወጣም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ የአማዞን መድኃኒት ነው ብሎ የጠቆመኝን እንክብል በኢንተርኔት አዝዤ በ39 ዶላር ገዝቻለሁ። ጠርሙሱ አሁን ፊት ለፊቴ ነው፤ ገና አልከፈትኩትም። ከፊቱ ላይ ወንዝና ቀይ በቀቀን ተሥሎበታል፤ በትልልቅ ፊደልም «ሙይራ ፑአማ፣ የኃይል እንጨት» ተብሎ ተጽፏል። ከጀርባው በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ግን «የራሳችን ቅመራ፣ በሁለት እንክብል 1,200 ሚሊግራም» ካለ በኋላ እንዲህ ይዘረዝራል፦ ኤል-አርጂኒን፣ ማካ፣ ጉዋራና፣ ጂንሰንግ፣ ሙይራ ፑአማ፣ ካቱአባ፣ ጊንኮ። ሻጩ በገጹ ላይ በፓሪስ በተደረገ ጥናት ፍላጎታቸው ከቀነሰ ወንዶች 62 ከመቶ የሚሆኑት በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ማየታቸውን ጽፏል። ይህ እውነት ነውን? የምታውቁ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ፋርማሲስቷ፦

ወንድሜ፣ የጠርሙሱን ጀርባ አንብበው በቅደም ተከተሉ መገልበጥዎ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚያ ልጀምር። በአሜሪካ ሕግ አምራቹ ቅመራውን በጅምላ መዝኖ የእያንዳንዱን ንጥረ ነገር መጠን መደበቅ ይችላል፤ ነገር ግን ዝርዝሩን ከብዙ ወደ ጥቂት ባለው የክብደት ቅደም ተከተል መጻፍ አለበት። በእርስዎ ጠርሙስ ሙይራ ፑአማ አምስተኛ ላይ ነው። በፊቱ የተዘረዘሩት አራቱ እያንዳንዳቸው ከእርሱ የማያንሱ ከሆኑ፣ አምስተኛው ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ሊበልጥ አይችልም፤ ይህም ቢበዛ 240 ሚሊግራም ማለት ነው። እውነተኛው መጠን ከዚህ በጣም ያነሰ ሊሆንም ይችላል። ስሙ በጠርሙሱ ፊት ላይ ከሁሉም ገዝፎ የተጻፈው ተክል በውስጡ ካሉት ትንሾቹ አንዱ ነው።

የፓሪሱ ጥናት መደረጉ እውነት ነው። በፈረንጆቹ 1990 ዣክ ዌንበርግ የተባሉ ፈረንሳዊ የወሲብ ጤና ሐኪም 262 ወንዶችን ይዘው ያደረጉት ነው። የተሰጣቸው በቀን ከ1 እስከ 1.5 ግራም የሚደርስ የሙይራ ፑአማ ጭማቂ ሲሆን፣ ፍላጎታቸው ከቀነሰው መካከል 62 ከመቶ፣ የብልት መቆም ችግር ከነበረባቸው ደግሞ 51 ከመቶ ለውጥ አየን ብለዋል። ሻጩ ሳይጽፍ ያለፈው ግን ዋናው ነገር ነው፤ በዚያ ጥናት ባዶ እንክብል የተሰጠው የማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም። ሁሉም የሚወስዱትን ያውቁ ነበር፤ ሐኪሙም ያውቁ ነበር። ከዚህም በላይ ያኔ የተሰጠው የተጨመቀ ጭማቂ ነው፤ የእርስዎ ጠርሙስ ደግሞ ዱቄት ይሁን ጭማቂ አይናገርም። ስለዚህ ያ 62 ከመቶ ምንም ይሁን ምን፣ ስለ እርስዎ ጠርሙስ የተነገረ ቁጥር አይደለም።

የባህል ሐኪም ልጅ፦

ፋርማሲስቷን አከብራለሁ፤ ነገር ግን በዚህ አነጋገር አንድ የማይመቸኝ ነገር አለ። አባቴ በጎጃም የታወቀ መድኃኒት አዋቂ ነበር፤ ሥር ምሶ፣ ቅጠል በጥሶ ብዙ ሰው አድኗል። በልጅነቴ የሚሰጠውን ሁሉ ሲለካ አይቻለሁ፤ ለአዛውንት የሚሰጠውን ለጎልማሳ አይሰጥም፤ ለነፍሰ ጡር የሚከለክለው ብዙ ነበር። ሕዝብ ለብዙ ትውልድ የተጠቀመበትን ነገር «ማነጻጸሪያ ቡድን የለውም» ብሎ ማጣጣል ሚዛናዊ አይመስለኝም። የአማዞን ሕዝቦች ዓይንና ጆሮ የላቸውምን? የማይሠራ ነገር ይህን ያህል ዘመን እንዴት ይዘልቃል?

የቤሌም እንግዳ፦

ለዚህ ጥያቄ ከቅርብ ያየሁትን ላካፍል። በሥራ ምክንያት በብራዚል ፓራ ግዛት፣ በቤሌም ከተማ ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ። በወንዙ ዳር ቬር-ኦ-ፔሶ የሚባል የታወቀ ገበያ አለ፤ ዓሣና አሳይ የሚባለው የዘንባባ ፍሬ ከሚሸጥባቸው መደዳዎች አልፎ ባለመድኃኒቶቹ ሴቶች የተቀመጡባቸው ትንንሽ ሱቆች ይገኛሉ። ከላይ እስከ ታች ጠርሙስ ተንጠልጥሎ፣ ሥርና ልጥ በጥቅል ታስሮ፣ ዘይቱ፣ ሽቶውና የመታጠቢያ ቅጠሉ ተደርድሮ ስታዩት የመርካቶን የቅመም ተራ ትዝ ያሰኛል።

በዚያ ሙይራ ፑአማን ብዙዎች ማራፑአማ ይሉታል። የመጀመሪያው ቃል ከቱፒ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ዛፍ ወይም እንጨት ማለት ነው። ሥሩና ልጡ ይሸጣል፤ አንዳንዱ አፍልቶ ይጠጣዋል፤ የተለመደው ግን ካሻሳ በሚባለው የሸንኮራ አገዳ አረቄ ወይም በወይን ጠጅ ዘፍዝፎ በጠርሙስ ማቆየት ነው፤ ይህንንም ጋራፋዳ ይሉታል። ከአንዲት ባለሱቅ ጋር ብዙ ጊዜ ተጨዋውቼ ነበር፤ ማራፑአማ ለማን እንደምትሰጥ ስጠይቃት በመጀመሪያ የጠቀሰችልኝ ወሲብን አይደለም። ከሕመም ለተነሡ፣ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሽማግሌዎች፣ «ነርቩ ለደከመ» ሰው ነው ያለችኝ። ለባልነት ኃይል የሚለው ከዚያ በኋላ የመጣ ነበር። ቆይቼ እንደተረዳሁት ይህ የእርሷ ብቻ አነጋገር አልነበረም፤ በአማዞን ማራፑአማ በዋነኛነት የሚታወቀው የነርቭ ማበርቻ ሆኖ ነው።

የባህል ሐኪም ልጅ ወንድሜ «እንዴት ይህን ያህል ዘመን ይዘልቃል» ብሎ ለጠየቀው እኔ የምመልሰው ይህን ነው፤ የዘለቀው ልማድና ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ተስፋ አንድ አይደሉም። ልማዱ በአረቄ የተዘፈዘፈ ሥር፣ የምታውቅህ ባለመድኃኒት የምትሰጥህ፣ በዋናነትም ለደከመ ነርቭ ነው። ሜሪላንድ የደረሰው ደግሞ ከስድስት ሌላ ነገር ጋር የተደባለቀ ደቃቅ ዱቄት፣ ለማያውቁት ሰው የተሸጠ፣ ለወሲብ ብቻ ነው። የአባቶች ምስክርነት ሊነሣ የሚችለው ለመጀመሪያው ነው እንጂ ለሁለተኛው አይደለም።

ፋርማሲስቷ፦

የቤሌሙ ወንድማችን የተናገሩት ነገር ከሳይንሱ ጋር ይገጥማል። በደቡብ ብራዚል በሪዮ ግራንዴ ዱ ሱል ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ይህን ተክል በአይጦች ላይ ሲያጠኑ የተነሡት ከዚሁ ከሽማግሌዎቹ አጠቃቀም ነበር፤ በ2004 ባወጡት ሥራም የአልኮል ጭማቂው የአይጦችን ትውስታ እንዳሻሻለ ጽፈዋል። ከልማዱ ተነሥቶ ልማዱን በክብር መፈተን ማለት ይህ ነው። በአይጥ የታየ ትውስታ ግን የሰው ፍላጎት አይደለም።

አሁን ወደ የባህል ሐኪም ልጅ ጥያቄ ልመለስ፤ ማጣጣል እንዳይመስልብኝ አንድ የተፈጸመ ታሪክ ላንሣ። በጠርሙሱ ላይ በመጨረሻ የተጻፈው ጊንኮ ነው። በ1998 በድባቴ መድኃኒት ምክንያት የወሲብ ችግር የደረሰባቸው 63 ሰዎች ጊንኮ ተሰጥቷቸው 84 ከመቶ የሚሆኑት ተሻለን አሉ። ከፓሪሱ 62 እንኳ የሚበልጥ ቁጥር ነው፤ በዚያም ጥናት ማነጻጸሪያ አልነበረም። በ2002 ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ ጥያቄ ይዘው፣ ለግማሾቹ ጊንኮ፣ ለግማሾቹ ደግሞ በመልክ የማይለይ ባዶ እንክብል ሰጥተው፣ ሰጪውም ተቀባዩም ማን የቱን እንደወሰደ ሳያውቅ ሞከሩት። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ትንሽ ቢሆንም፣ ጊንኮ ከባዶው እንክብል የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ባዶውን የወሰዱትም ተሻሽለው ነበር።

ይህ የሆነው ሰዎቹ ስለ ዋሹ አይደለም። ፍላጎት ተስፋ የሚያነሣሣው፣ ሥጋት የሚገድለው ነገር ነው። ችግሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሐኪም አውጥቶ የነገረ፣ ለትዳር ጓደኛው «መድኃኒት ጀምሬያለሁ» ያለ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስለ ነገሩ ከዓመቱ ሁሉ ይልቅ ያሰበና ያወራ ሰው፣ የሚውጠው ጤፍ ዱቄት ቢሆን እንኳ ለውጥ ሊያይ ይችላል። የመቆም ችግርን በሚያክም መድኃኒትም ላይ ይህ ይታያል፤ ሲልደናፊል (ቪያግራ) በ1998 በታተመው ጥናት ሲመዘን፣ መድኃኒቱን የወሰዱት ወንዶች ካደረጉት የግንኙነት ሙከራ 69 ከመቶው ሲሳካ፣ ባዶ እንክብል የወሰዱት ካደረጉትም 22 ከመቶው ተሳክቷል። የመድኃኒቱ ሥራ የሚባለው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ባዶው ቡድን ባይኖር ኖሮ ይህን ልዩነት ማንም ሊያውቀው አይችልም ነበር። ሙይራ ፑአማ ላይ የጎደለን ያ ሁለተኛው ቁጥር ነው።

የባህል ሐኪም ልጅ፦

አሁን ገባኝ፤ ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። አባቴም እኮ መድኃኒቱን ሲሰጥ ሰውየውን ቁጭ አድርጎ ቤተሰቡን፣ እንቅልፉን፣ ሐዘኑን ሳይጠይቅ አይሸኝም ነበር። የትኛው እንደ ፈወሰው እርሱም ለይቶ የተናገረ አይመስለኝም። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፤ በዝርዝሩ ላይ ያለው ማካስ? እርሱም የአማዞን ነው ይላሉ።

ፋርማሲስቷ፦

ማካ የአማዞን አይደለም። ከፔሩ ከፍተኛ ተራሮች፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ካለው የሁኒን አምባ የሚመጣ ሥር ነው፤ ከወንዙ ሥዕልና ከበቀቀኑ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። እንዲያውም የእኛው ፌጦ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ሁለቱ በአንድ የዕፅዋት ወገን ውስጥ ናቸው። ማካ ከሙይራ ፑአማ የሚሻልበት ነገር ቢኖር በባዶ እንክብል መመዘኑ ነው። በ2002 በፔሩ በወጣ ጥናት በቀን 1.5 ወይም 3 ግራም የወሰዱ ወንዶች ከስምንት ሳምንት ጀምሮ ፍላጎታቸው እንደ ጨመረ ተናግረዋል፤ ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን መጠናቸው ግን አልተለወጠም። ትንሽ ጥናት ነው፤ በጥንቃቄ ይያዝ። በእርስዎ ጠርሙስ ግን ማካው ሁለተኛ ላይ ስለሆነ ከ600 ሚሊግራም ሊበልጥ አይችልም።

ካቱአባ የሚለው ስም ደግሞ የበለጠ ያሳስበኛል፤ በብራዚል በዚህ ስም የሚሸጡት ዝምድና የሌላቸው የተለያዩ ዛፎች ልጥ ናቸው። በሙይራ ፑአማም ላይ ተመሳሳይ መደናገር አለ፤ ፕቲኮፔታሉም ኦላኮይዴስ ከሚባለው እውነተኛው ዝርያ ሌላ በዚሁ ስም የተሸጡ ዛፎች አሉ። አንድ ጊዜ የተፈጨ እንጨት የየትኛው ዛፍ እንደሆነ በዓይን አይለይም።

የሕፃን እናት፦

ርእሱ የወንዶች ቢመስልም ልጠይቅ። 36 ዓመቴ ነው፤ የዘጠኝ ወር ልጅ አጠባለሁ። ከወለድኩ ወዲህ ፍላጎት የሚባል ነገር የለኝም፤ ግንኙነቱም ያመኛል። ይኸው ሻጭ «ለሴቶችም» የሚል ሮዝ ጠርሙስ አለው፤ በሴቶች ላይም ጥናት እንዳለ ጽፏል። ባለቤቴ እንድሞክረው እየገፋፋኝ ነው።

ፋርማሲስቷ፦

እህቴ፣ እባክሽ ይህን አትውሰጂ። ሻጩ የሚጠቅሰው በ2000 የወጣውን፣ እዚያው ፓሪስ 202 ሴቶች ሙይራ ፑአማና ጊንኮ ለአንድ ወር የወሰዱበትን ጥናት ነው፤ 65 ከመቶው ተሻለን ብለዋል፤ ይህም ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። በሚያጠቡ እናቶች ላይ ደግሞ ደኅንነቱ አልተፈተነም፤ ወደ ወተት የሚያልፈው ወደ ልጅሽ ያልፋል።

የደረሰብሽ ነገር የታወቀና ምክንያት ያለው ነው። በማጥባት ጊዜ ወተት የሚያመነጨው ሆርሞን ፕሮላክቲን ከፍ ይላል፤ የሴት ሆርሞኑ ኢስትሮጅን ዝቅ ይላል። ይህም ፍላጎትን ይቀንሳል፤ የብልትን እርጥበት ያደርቃል፤ ሕመሙም ከዚያ ይመጣል። ሌሊት ሦስት ጊዜ የምትነሣ እናት ድካምም ሳይዘነጋ ነው። የሚያመንን ነገር አካል አይፈልገውም፤ ስለዚህ መጀመሪያ መታከም ያለበት ሕመሙ ነው። ማለስለሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይገኛል፤ ካልበቃ የማህፀን ሐኪምሽን በቦታው የሚቀባ አነስተኛ ኢስትሮጅን ይሆነኝ እንደሆነ ብለሽ ጠይቂ። በዚያው ቀጠሮ ስለ ስሜትሽም ይጠይቁሽ፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ብዙ ጊዜ በዚህ መልክ ነው የሚገለጠው። ባለቤትሽም ይህን ቢያነብ ደስ ይለኛል።

የማታ ተረኛ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ። ጥናቱ ይህን ያህል ደካማ ከሆነ ባልደረባዬ ለምን ሠራለት? እርሱ ከዚሁ ሻጭ የገዛው ሌላውን፣ «እጥፍ ኃይል» የሚባለውን ነው። በወሰደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፊቱ እንደ ጋለ፣ አፍንጫው እንደ ታፈነ፣ ራሱን እንዳመመው፣ የመብራቱም ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ እንደ ታየው ነግሮኛል። «ኃይሉ ሲገባ ነው» ይላል። ከዚያ በኋላ ግን እንደ ወጣትነቱ ሆነ።

ፋርማሲስቷ፦

እባክዎ ይህን መልእክት አሁኑኑ ለባልደረባዎ ያድርሱ። የፊት መጋል፣ የአፍንጫ መታፈን፣ ራስ ምታትና ነገርን በሰማያዊ ቀለም ማየት የሙይራ ፑአማ ምልክቶች አይደሉም፤ ከሲልደናፊል ጋር አንድ በአንድ የሚገጥሙ የጎንዮሽ ውጤቶች ናቸው። ሳልመረምር እርግጠኛ ነኝ ልል አልችልም፤ ነገር ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚሠራ «ዕፅ» ስሰማ በመጀመሪያ የማስበው በውስጡ ያልተጻፈ መድኃኒት እንዳለ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በፈረንጆቹ ከ2007 እስከ 2016 በነበሩት ዓመታት የተደበቀ መድኃኒት አገኘሁባቸው ብሎ ካስጠነቀቀባቸው 776 ሰፕሊመንቶች (ማሟያ እንክብሎች) መካከል 353ቱ ለወሲብ የሚሸጡ ነበሩ፤ በብዛት የተገኘባቸውም ሲልደናፊል ነው። ከ1994ቱ ሕግ ወዲህ ሰፕሊመንት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ደኅንነቱንና ሥራውን ለመንግሥት አስመስክሮ ፈቃድ መቀበል ስለማይጠበቅበት፣ ማጭበርበሩ የሚታወቀው ከተሸጠ በኋላ ነው።

ባልደረባዎ ለልብ ሕመም ናይትሮግሊሰሪን ወይም ሌላ የናይትሬት መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ ሁለቱ ሲገናኙ የደም ግፊቱ በአንድ ጊዜ ወርዶ ሊገድለው ይችላል። ደረቱን አሞት አምቡላንስ ቢጠራም እንክብሉን መውሰዱን ለሐኪሞቹ ይናገር፤ እፍረቱ ሕይወቱን እንዳያስከፍለው።

አሁን ደግሞ እርስዎን ልጠይቅ፤ እስካሁን አንድም ቃል ያልተናገሩት ነገር አለ። ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? የብዕር ስምዎ የማታ ተረኛ ነውና፣ እንቅልፍዎስ እንዴት ነው?

የማታ ተረኛ፦

ይህን አለመጻፌ ሆን ብዬ ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ ልቤ ስለ ከበደኝ ሐኪም ሰርትራሊን የሚባል የድባቴ መድኃኒት አዘዘልኝ፤ ከጀመርኩ አሥራ አራት ወር ሆኖኛል። ለባለቤቴ ብቻ ነው የነገርኩት። ሥራዬ ሌሊት መንዳት ነው፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ንጋት። ቀን አምስት ሰዓት ያህል እተኛለሁ፤ እርሱም ልጆቹ ከትምህርት ቤት እስኪመለሱ ነው። ስተኛ እጅግ አንኮራፋለሁ፤ ባለቤቴ ትንፋሼ ቆሞ ስትቀሰቅሰኝ ከአንድም ሁለት ጊዜ ደንግጣለች። ስነቃ ራሴን እያመመኝ እነሣለሁ፤ የምውለው በቡና ነው።

ፋርማሲስቷ፦

በቡናው ላይ ሦስተኛው የጠርሙሱ ንጥረ ነገር ይጨመርበት ነበር። የጉዋራና ፍሬ ከቡና ፍሬ የሚበልጥ ካፌይን ያለው ነው። በቀን ሊተኙ ሲሉ ያንን ቢውጡ ኖሮ ያለችውንም እንቅልፍ ይወስድብዎት ነበር። ጠርሙሱ ሳይከፈት ይቆይ። ሰርትራሊኑን ግን በራስዎ አያቋርጡ፤ በድንገት ሲቋረጥ የራሱ ሥቃይ አለው።

ዶክተር በዕረፍት ላይ፦

የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ ሳልጠየቅ በመግባቴ ይቅርታ። ወንድሜ፣ በመጨረሻው መልእክትዎ ከአማዞን የሚመጣ ምንም ነገር ሳያስፈልግ ለፍላጎት መጥፋት የሚበቁ ሦስት ምክንያቶችን ዘርዝረዋል፤ ሐዘን፣ ሰርትራሊን፣ እንቅልፍ። ሰርትራሊንና የእርሱ ወገን የሆኑ የድባቴ መድኃኒቶች ፍላጎትን መቀነሳቸው በጣም የተለመደ ነው፤ የእርስዎም መቀነስ መድኃኒቱን ከጀመሩበት ጊዜ ጋር መገጣጠሙን ልብ ይበሉ። ለዚህ መፍትሔ አለው፤ መጠኑን ማስተካከል፣ ወይም በወሲብ ላይ ብዙ ጫና ወደማያሳድር መድኃኒት፣ ለምሳሌ ወደ ቡፕሮፒዮን ቀስ በቀስ መሻገር ይቻላል። ይህን የሚወስነው ያዘዘልዎት ሐኪም ነው፤ ነገር ግን ካልነገሩት አያውቅም። ብዙ ጊዜ ታካሚው ያፍራል፤ እኛም አንጠይቅም፤ በዚህ መካከል ሰው ለዓመታት ይቸገራል።

ማንኮራፋቱ፣ የትንፋሹ መቆምና ሲነቁ ያለው ራስ ምታት ደግሞ በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቋረጥ ሕመም መኖሩን እንድጠረጥር ያደርጉኛል። እርስዎ ሾፌር ነዎት፤ ስለዚህ ይህ ከፍላጎትም በላይ የሕይወት ጉዳይ ነው። የእንቅልፍ ምርመራ ይጠይቁ። ከዚያ ሌላ የታይሮይድ፣ የስኳር፣ የፕሮላክቲንና የቴስቶስትሮን ምርመራ ይደረግልዎ። ቴስቶስትሮን ጠዋት ከፍ የሚልና በቀን ውስጥ የሚወርድ ስለሆነ በማለዳ፣ በባዶ ሆድ፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት ይለካል። ለማታ ሠራተኛ ግን «ማለዳ» ማለት ከእንቅልፉ የነቃበት ሰዓት ነው። ሌሊቱን ሲነዱ አድረው በጠዋት ሁለት ሰዓት ቢቀዱ ዝቅ ያለ ቁጥር ወጥቶ የማያስፈልግዎትን ሆርሞን ሊያሰጥዎት ይችላል። ላብራቶሪው ይህን ስለማያውቅ እርስዎ ይንገሩ።

የማታ ተረኛ (ከሰባት ሳምንት በኋላ)፦

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የሆነውን ልነግራችሁ ተመልሻለሁ። ሐኪሜ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት፤ የዚህን ውይይት አንዳንድ መልሶች አትሜ ይዤ ነበር፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያቀበልኩት። ታይሮይዴና ስኳሬ ደህና ናቸው። ቴስቶስትሮኔ ሁለት ጊዜ፣ ከእንቅልፌ በነቃሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተለክቶ በደህናው ወሰን ውስጥ ተገኘ። የእንቅልፉ ምርመራ ግን ትንፋሼ በየሰዓቱ ከሠላሳ ጊዜ በላይ እንደሚቋረጥ አሳየ፤ አሁን ሲፓፕ የሚባለውን የአየር መሣሪያ ለብሼ መተኛት ከጀመርኩ አራት ሳምንቴ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ፊቴን እየቆረጠኝ ልተወው ደርሼ ነበር፤ ጭንብሉ በሌላ መጠን ሲቀየርልኝ ተስማማኝ። ራስ ምታቱ ጠፍቷል። ሰርትራሊኑም በሐኪሙ ክትትል ቀስ በቀስ ወደ ሌላ መድኃኒት እየተቀየረ ነው።

ስለ ፍላጎቴ ለምትጠይቁኝ፣ እንደ ድሮው ሆኛለሁ አልልም። ነገር ግን ባለፈው እሑድ ልጆቹ አክስታቸው ዘንድ በዋሉበት ቀን፣ ማንም ሳያስታውሰኝ ባለቤቴን ፈልጌ አገኘኋት። የመድኃኒቱን ነገርና የእንቅልፉን ነገር ቀደም ብዬ አስረድቻት ስለነበር፣ ያ የጠየቀችኝ ጥያቄ ከመካከላችን ተነሥቷል። ባልደረባዬ ደግሞ እንክብሉን ትቶ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ነበር፤ የደም ግፊት እንዳለበት ለመጀመሪያ ጊዜ አወቀ። የተረፉትን «እጥፍ ኃይል» እንክብሎች ለእኔ ሰጥቶኛል፤ ምን ላድርጋቸው? ያልተከፈተው የእኔ ጠርሙስም አለ።

የቤሌም እንግዳ፦

እንኳን ደስ ያለዎት ወንድሜ። ስለ ጠርሙሱ ፋርማሲስቷ ትመልሳለች፤ እኔ ግን እናንተን እያነበብኩ የቬር-ኦ-ፔሶዋን ባለሱቅ አሰብኳት። ማራፑአማ የሚቆፈረው ከሥሩ ነው፤ ሥሩ የተነሣ ዛፍ ተመልሶ አይቆምም። ብራዚል በ2015 ባወጣችው ሕግ ከዕፅዋቷና ከሕዝቦቿ ባህላዊ ዕውቀት የሚገኘው ትርፍ ለባለ ዕውቀቶቹም እንዲደርስ ደንግጋለች። ባዶ ተስፋ በተጻፈበት የ39 ዶላር ጠርሙስ ውስጥ ግን ከዛፉም ከሴትየዋም የተረፈ ያለ አይመስለኝም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ፋርማሲስቷ፦

የተረፉትን እንክብሎች አይጣሏቸው፤ ጠርሙሱንና የታተመበትን የምርት ቁጥር ጭምር ያስቀምጡ። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ ሜድዋች የሚባል የማሳወቂያ መንገድ አለው፤ በኢንተርኔት ቅጹን መሙላት ይቻላል። ባልደረባዎ የወሰደበትን ቀንና ሰዓት፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ምን እንደተሰማው፣ ከማን እንደ ገዛው በሚያስታውሰው መጠን ይጻፍ፤ ሰማያዊውን ብርሃን ማየቱን በተለይ እንዳይረሳ። ስሙ ለሻጩ እንዳይገለጥ ቅጹ ላይ መጠየቅ ይችላል። እንግሊዝኛው የሚያስቸግር ከሆነ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አብረን እንሞላዋለን። ያልተከፈተውን ደግሞ የመመለሻ ጊዜው አላለፈ እንደሆነ ለሻጩ መልሰው ገንዘብዎን ይጠይቁ።